ከአእምሮ ሕመም ያገገመ ሰው ጎጆ መውጣት አያምረውምን?

በአንድ ቤት ውስጥ ሰው ታሞ ሲድን የቤተሰቡ ደስታ ወሰን የለውም። ትኩሳቱ በረደለት፣ እህል ቀመሰ፣ ከአልጋው ተነሣ በተባለ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረልሽ» እያለ ይገባል። ሕመሙ የአእምሮ ሕመም ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ታማሚው እንቅልፉ ተስተካክሎ፣ ሲያስጨንቀው የነበረው ድምፅ ጠፍቶ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ ወደ ሥራው ቢመለስ እንኳ «እንኳን ማረህ» ብሎ የሚገባ ሰው አይበዛም። ቤተሰቡም ቢሆን «ሰላም ውሎ ሰላም ይደር እንጂ ከእንግዲህ ሌላ ምን እንመኛለን?» ይልና ምኞቱን እዚያው ላይ ያቆማል።

ያገገመው ሰው ግን ምኞቱን እዚያ ላይ አያቆምም። አብረውት የተማሩት ትዳር ይዘዋል፤ ታናሽ እኅቱ ተድራለች፤ በየጊዜው የሠርግ ወይም የክርስትና ጥሪ ይመጣል። እሱም እንደ ማንኛውም ሰው የልቡን የሚያጫውተው፣ ማታ ሲገባ የሚጠብቀው ሰው እንዲኖረው ይመኛል። ይህን ምኞቱን አንድ ቀን ለእናቱ ቢያዋያት ምን ትመልስለት ይሆን? እርስዎስ በእናቱ ቦታ ቢሆኑ ምን ይመልሱ ነበር? በዛሬው ጽሑፋችን የምንወያየው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

ሕመሙ የሚመጣበት ዕድሜ

ከባድ የአእምሮ ሕመም ስንል በተለይ ሁለቱን ማለታችን ነው። አንደኛው ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ነው። ታማሚው ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎች የሚያሳድዱት ወይም የሚያሴሩበት ይመስለዋል፤ ከሰው ይሸሻል፤ ለሥራና ለጨዋታ የነበረው ፍላጎት ይቀዘቅዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ300 ሰዎች አንዱ ገደማ ይህ ሕመም አለበት። ሁለተኛው ባይፖላር የተባለው ሲሆን፣ ስሜት አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ይነሣና እንቅልፍ ማጣትን፣ ወሬ ማብዛትንና ገንዘብ መበተንን ያመጣል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ይወድቅና ሰውየውን ከአልጋው አላስነሣ ይለዋል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እነዚህ ሕመሞች በአብዛኛው የሚጀምሩት ከ20 ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። ይህ ደግሞ ወጣቱ ከእኩዮቹ ጋር ሲወጣና ሲገባ፣ ሲተዋወቅ፣ ሲወድና ሲጠላ፣ ሲጣላና ሲታረቅ የፍቅርን ነገር የሚማርበት ጊዜ ነው። ሌላው በዚያ ዕድሜ የሚማረውን ታማሚው በሆስፒታል፣ በጸበል ወይም በር ተዘግቶበት በቤት ውስጥ ሆኖ ያልፈዋል። ሲያገግም ዕድሜው 30 ይሞላል፤ ሰውን እንዴት እንደሚቀርቡ ያለው ዕውቀት ግን ገና በ18 ዓመቱ ላይ እንደ ቆመ ነው። «ምነው ዐይን አፋር ሆነ? ምነው ነገር አያውቅበትም?» እያልን የምንታዘበው ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው። የጎደለው የመማሪያ ጊዜው ስለሆነ ዘግይቶም ቢሆን ሊማረው ይችላል።

በአገራችን ነገሩን ያከበደው ሌላው ምክንያት ሕክምናው ዘግይቶ መድረሱ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቡታጅራና በአካባቢው ከ68 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ቤት ለቤት በመጠየቅ ጥናት ተካሂዶ ነበር። በዚያን ጊዜ ስኪዞፍሬንያ እንዳለባቸው ከታወቀው ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ለብዙ ዘመን በመላ አገሪቱ ለአእምሮ ሕሙማን የተለየው ሆስፒታል በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ብቻ መሆኑም የታወቀ ነው። ዛሬ ግን በልዩ ልዩ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ፤ በጤና ጣቢያም መድኃኒቱን ማግኘት የሚቻልባቸው ቦታዎች አሉ። ስለዚህ የሚያገግመው ሰው ሲበዛ «ከማገገም በኋላስ?» የሚለው ጥያቄም አብሮ መምጣቱ የማይቀር ነው።

ሁለቱ የቆዩ መልሶች

ለዚህ ጥያቄ በየቤቱ ሲሰጡ የኖሩት መልሶች ሁለት ናቸው። ሁለቱም ይጎዳሉ።

የመጀመሪያው «ይዳርና ይሻለዋል» የሚለው ነው። ቤተሰቡ ስለ ሕመሙ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ለወንድ ልጁ ሚስት ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የምትታጨው ወገን የሌላት ወይም ከገጠር የመጣች፣ ጠይቃ ለማጣራት ዐቅሙም ድፍረቱም የሌላት ልጅ ናት። ሠርጉ ያልፋል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ልጁ እንቅልፍ ያጣል፤ ለብቻው ማውራት ይጀምራል፤ ሚስቱ ያቀረበችውን ወጥ «ምን ጨምረሽበት ነው?» እያለ ይጠራጠራል። ሙሽራዪቱ ምን እንደ ሆነ የነገራት የለም። መድኃኒት እንደሚወስድ አታውቅም፤ መድኃኒቱን ማቋረጡንም ልታውቅ አትችልም። ይባስ ብሎ «ከመጣሽ ወዲህ ነው የታመመው፣ እግርሽ ነው» ትባላለች። ውድ አንባቢያችን፤ እስቲ ለአንድ አፍታ የዚያችን ልጅ እናት ያስቧት።

ትዳር ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሆኖ አያውቅም። ጥሩ ትዳር የተሻለውን ሰው ሊያጠናክረው ይችላል፤ በሐሰት ላይ የቆመ ትዳር ግን የዳነውን ሰው መልሶ ያሳምመዋል።

ሁለተኛው መልስ «አንቺ ደግሞ ምን ትዳር ያስፈልግሻል?» የሚለው ነው። ይህኛው በይበልጥ ለሴቶች የሚሰጥ ነው። ወንድሟ ታሞ ሲድን ሚስት ይፈለግለታል፤ እሷ ታማ ስትድን ግን የቤቱን ሥራ ይዛ እንድትቀመጥ ይፈረድባታል። ታዲያ ፍላጎቷ በመከልከሉ አይጠፋም፤ ይደበቃል እንጂ። በድብቅ የሚሆን ነገር ደግሞ ለአደጋ ያጋልጣል። ስለ ፍቅር ምክር የሰጣት ሰው ስለሌለ፣ የመጀመሪያውን መልካም ቃል የተናገራትን ሰው ታምናለች። ማርገዟ እስኪታወቅ ድረስም ከቤቱ ማንም የሚያውቅ አይኖርም።

«የአእምሮ ሕመምተኛ አደገኛ ነው፤ ማን ከእሱ ጋር ይኖራል?» የሚልም አይጠፋም። እውነቱ ግን አብዛኞቹ ታማሚዎች ማንንም የማይጎዱ መሆናቸው ነው። ይልቁንም በሌሎች ሰዎች የመጠቃት ዕድላቸው ከሌላው ሰው የበለጠ ነው።

ከየት ይጀመራል?

መካከለኛው መንገድ አለ። አስገድዶ መዳርም፣ ከልክሎ ማስቀመጥም ሳይሆን፣ ደረጃ በደረጃ መርዳት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ነው።

አንደኛው ደረጃ ጤናው ራሱ ነው። ሕመሙ በተነሣበት ወቅት የፍቅር ቃል መስጠትም ሆነ መቀበል፣ መጋባትም ሆነ መፋታት አይገባም። ሰውየው ለብዙ ወራት እንቅልፉ ደኅና ሆኖ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ቀጠሮውን እያከበረ መቆየቱ መታየት አለበት። ጸበል የሚጠመቅ ከሆነ መድኃኒቱን ይዞ ይጠመቅ፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ጫትና መጠጥ ግን የተሻለውን ሰው መልሰው ከሚጥሉት ነገሮች መካከል በመሆናቸው ከወዲሁ መራቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ደረጃ ከቤት መውጣት ነው። ለዓመታት ከእናቱና ከእኅቱ በቀር ከማንም ጋር ያልተነጋገረ ሰው በድንገት የፍቅር ጓደኛ ሊያበጅ አይችልም። በመጀመሪያ ተራ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወደ ዕድሩ፣ ወደ ሰንበቴው፣ ወደ ለቅሶው ይዘውት ይሂዱ። ጎረቤት ቡና ሲጠራ ልጅዎን «እሷ ትቀመጥ፣ ይደክማታል» አይበሉ። የማታ ትምህርት፣ የእጅ ሥራ ማኅበር፣ መዘምራን፣ የእግር ኳስ ቡድን፣ ማናቸውም ሰው የሚገኝበት ቦታ ለዚህ ትምህርት ቤት ነው።

በሶዶ ወረዳ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማንን በሚመለከት የተደረገ አንድ ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል። የሕክምና ባለሙያ ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው፣ ወደ ታማሚዎቹ ቤት እየተመላለሱ፣ መድኃኒት እንዳያቋርጡ፣ ወደ ሥራና ወደ ሰው እንዲመለሱ ይረዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ውጤት መሠረት በጤና ጣቢያ ሕክምና ላይ ይህ እርዳታ የተጨመረላቸው ሰዎች ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት ችለዋል። እንግዲህ የሰለጠነ ጎረቤት ይህን ያህል መርዳት ከቻለ ቤተሰብ ምን ያህል ሊረዳ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው ደረጃ ራስን መቻል ነው። ጥቂትም ብትሆን ከራስ ሥራ የተገኘች ገንዘብ ሰውን ቀና ታደርጋለች። ጓደኛውን ሻይ ለመጋበዝ ከእናቱ እጅ ገንዘብ የሚለምን ጎልማሳ ስለ ትዳር ለማሰብ ይከብደዋል። ገላን መታጠብ፣ ጥርስን ማጽዳት፣ ልብስን መተኮስም የዚሁ ክፍል ናቸው። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ውፍረት ያመጣሉ፤ ስለዚህ በእግር መሄድንና አመጋገብን መቆጣጠርን ያስለምዱ።

አራተኛው ደረጃ የመቀራረብ ዘዴን መለማመድ ነው። ይህን ብዙዎቻችን ማስተማር እንደሚያስፈልግ አናስበውም። ሰላምታ ሰጥቶ ወሬ መጀመር፣ ጠይቆ ማዳመጥ፣ ሌላው ሰው መሰልቸቱን ከፊቱ ማወቅ፣ ማኪያቶ እንጠጣ ብሎ መጋበዝ፣ በቀን ዐሥር ጊዜ አለመደወል፣ እነዚህ ሁሉ በልምምድ የሚገኙ ናቸው። ከእናት ይልቅ ለዚህ የሚመቹት እኅት፣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ናቸው። በቤት ውስጥ እየተሳሳቁ ሊለማመዱት ይችላሉ። ከሁሉም በላይ መለማመድ የሚገባው ግን «አይሆንም» ሲባሉ በሰላም መለያየትን ነው። እምቢ ማለት የሌላው ሰው መብት ነው። እምቢ መባል ደግሞ በጤነኛውም፣ በታማሚውም ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ይሁንና ከእንዲህ ያለው ኀዘን በኋላ ልጅዎ እንቅልፍና ምግብ ከተወ፣ ወይም መኖር እንዳስጠላው ከተናገረ፣ ያልፍለታል ብለው ሳይተዉ ወዲያውኑ ወደ ሐኪሙ ይውሰዱት።

መቼ ይነገር? ማን ይንገር?

በዚህ ጉዳይ ቤተሰብን ሁሉ የሚያስጨንቀው ዋነኛ ጥያቄ ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቢነገር ሰው ሳይተዋወቁ ይሸሻል። ከተጋቡ በኋላ ቢነገር ክህደት ይሆናል። እኛ የምንለው፣ ከመጀመሪያው ቀን በኋላና ከሽማግሌው በፊት መነገር አለበት ነው። ሁለቱ ሰዎች ተዋውቀው፣ ጠባይ ተጠናንተው፣ ነገሩ ወደ ቁም ነገር መሄዱ ሲታወቅ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይነገር።

የሚናገረውም ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ከጎረቤት አፍ የተሰማ ወሬ ሲጋነን ያድራል፤ እናት ልጇ በሌለበት ብትናገርም ልጇን ታሳንሰዋለች። ንግግሩ አጭርና ግልጽ ይሁን። «ከስድስት ዓመት በፊት ታምሜ ነበር። ሕመሙ ባይፖላር ይባላል። መድኃኒት እወስዳለሁ፤ በየወሩም ሐኪም ያየኛል። ሊያመኝ ሲል በመጀመሪያ የሚጠፋው እንቅልፌ ነው። ልትጠይቂኝ የምትፈልጊው ካለ ጠይቂኝ፤ ከፈለግሽም ከሐኪሜ ጋር አብረን እንነጋገራለን።» ከዚህ በኋላ ሌላው ወገን እንዲያስብበት ጊዜ መስጠት ነው። የዚያኑ ቀን መልስ መጠየቅ አይገባም።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ለትዳርም ይሠራል። ጉዳዩ የሕሊና ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213፣ ጋብቻ የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች በነጻ ፈቃዳቸው ሲስማሙ መሆኑን ደንግጓል። በዚሁ ሕግ ከመሠረታዊ ስህተት ከሚቆጠሩት ነገሮች አንዱ ተጋቢው የማይድን ወይም ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ ያለበት መሆኑን ሳያውቁ ማግባት ነው። እንግዲህ የተደበቀ ሕመም ሲገለጥ ጋብቻውን በፍርድ ቤት ለክርክር የሚጋብዝ ይሆናል። ተነግሮና ተስማምተው ሲጋቡ ግን «ተታለልኩ» የሚል አይኖርም።

በሌላ በኩል ደግሞ «የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ማግባት በሕግ ክልክል ነው» የሚባለው ልክ አይደለም። ሕጉ የፍርድ ቤት ፈቃድ የሚጠይቀው ራሱን እንዳያስተዳድር በፍርድ የተከለከለ ሰው ሲሆን ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በአእምሮ ጤና ምክንያት ጉዳት ያለባቸውን ጨምሮ በነጻ ፈቃድ የማግባትንና ቤተሰብ የመመሥረትን መብት ያረጋግጣል።

ሐኪሙን የማንጠይቀው ጥያቄ

በቀጠሮ ቀን ሐኪሙ «እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብ ይበላል?» ብሎ ይጠይቃል። ስለ ፍቅርና ስለ ሩካቤ ግን ሐኪሙም አይጠይቅ፣ ታማሚውም ያፍራል። በዚህ ዝምታ ምክንያት ብዙ ሰዎች መድኃኒታቸውን በድብቅ ይጥላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ያሉት መድኃኒቶች ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ። ከዚህም የተነሣ በሴቷ ላይ የወር አበባ ሊዛባ ወይም ሊቀር፣ ሳትወልድም ጡቷ ወተት ሊያወጣ ይችላል። በወንድም በሴትም ፍላጎት ሊቀንስ፣ ወንዱም አልሆንልህ ሊለው ይችላል። ይህን ያላወቀ ወጣት «ወንድነቴ ጠፋ» ብሎ ይደነግጥና መድኃኒቱን ያቆማል፤ ሕመሙም ይመለሳል። መፍትሔው ለሐኪሙ መናገር ነው። መጠኑን መቀነስ ወይም በሌላ መድኃኒት መተካት የሚቻልበት ጊዜ አለ። በራስ ሥልጣን ማቆም ግን አይገባም።

እናቶችና እኅቶች በተለይ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ። የወር አበባ ቀረ ማለት እርግዝና አይመጣም ማለት አይደለም። መድኃኒቱ በሌላ ሲለወጥ የወር አበባ ሳይታይ እርግዝና ሊቀድም ይችላል። ካርባማዜፒን የተባለው መድኃኒት የወሊድ መከላከያ ክኒንንና በክንድ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ኃይል ያዳክማል፤ ስለዚህ ይህን የምትወስድ ሴት ሌላ ዓይነት መከላከያ እንዲታዘዝላት መጠየቅ አለባት። ቫልፕሮት የሚባለው ደግሞ ጽንሱን በከባድ ሁኔታ ስለሚጎዳ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች እንዳይሰጥ ይመክራል። ሊቲየም የምትወስድም ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር ይኖርባታል። ባጭሩ እርግዝናው በዕቅድ ይሁን። አርግዛ ከሆነም ደንግጣ መድኃኒቱን ሁሉ በአንድ ቀን ከማቆም ይልቅ በፍጥነት ወደ ሐኪም ትሂድ።

ልጅስ ይወርሰው ይሆን?

ሽማግሌዎች «በዘሩ አለበት ወይ?» ብለው መጠየቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚያስፈልገው ግን ፍርሃት ሳይሆን ትክክለኛው ቁጥር ነው። ከማንኛውም ሕዝብ መካከል በሕይወት ዘመኑ ስኪዞፍሬንያ የሚይዘው ከ100 ሰው አንዱ ገደማ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ሕመሙ ያለበት ልጅ ሲሆን ቁጥሩ ወደ 10 ከፍ ይላል። ይህ ማለት ከ100ው ልጆች 90ዎቹ ገደማ አይታመሙም ማለት ነው። ሁለቱም ወላጆች ሕመሙ ካለባቸው ግን ቁጥሩ ወደ 40 ይጠጋል። ተጋቢዎቹ ይህን ዐውቀው ይወስኑ።

ከልጁ ይልቅ አስቸኳይ ጥንቃቄ የሚያሻው ለአራሷ ነው። ባይፖላር ካለባቸው ሴቶች ከ5ቱ አንዷ ገደማ በወለደች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በብርቱ ልትታመም ትችላለች። በዚህ ረገድ የአገራችን የአራስ ቤት ልማድ ታላቅ ጥቅም አለው። አያት ሌሊት ሕፃኑን ይዛ እናቲቱ እንድትተኛ ብታደርግ፣ መድኃኒቷን ብታስታውሳት፣ እንቅልፍ ማጣቷን ወይም እንግዳ ንግግሯን አይታ «ዛር ነው» ሳትል ወደ ሐኪም ብታደርሳት፣ አንድ ቤት ታድናለች።

ትዳሩ ከቆመ በኋላ

ጥንቃቄው ከሠርጉ ሳምንት ይጀምራል። የሠርጉ ዋዜማ፣ ሠርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ ሌሊቱን በጭፈራና በመጠጥ ሲያልፍ ሙሽራው ለቀናት ሳይተኛ ይቀራል፤ መድኃኒቱም በግርግሩ ይረሳል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ በተለይ ባይፖላርን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋነኛው ነው። ድግሱን አሳጥሮ ሙሽሮቹ በጊዜ እንዲተኙ ማድረግ ክብርን አይቀንስም። መድኃኒቱንም የሚያስታውስ አንድ ሚዜ መመደብ ይቻላል።

ከዚያም ባልና ሚስት በደኅናው ቀን ተቀምጠው ስለ ክፉው ቀን ይስማሙ፤ የተስማሙበትንም በወረቀት ይጻፉት። ሊያመኝ ሲል የሚታዩት ምልክቶች ምንድን ናቸው? በመጀመሪያ ለማን ይደወል? የትኛው ሆስፒታል እንሂድ? ልጆቹ ከማን ዘንድ ይቆያሉ? የባንክ ደብተሩን ማን ይያዝ? ይህ ስምምነት ካለ ሚስት «ሆስፒታል እንሂድ» ስትል ጠላት አትሆንም፤ ባሏ ራሱ የሰጣትን አደራ መፈጸሟ ነው።

የታማሚ የትዳር ጓደኛ ሃያ አራት ሰዓት ነርስ ሊሆን አይችልም። እሱም ያርፍ፤ ወገኑን ይጠይቅ፤ ሲከፋው የሚያዋየው ሰው ይኑረው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና የሁለቱም ወገን ቤተሰብ ተራ ይግባ። ይሁን እንጂ ትዕግሥት ማለት ዱላ መቻል ማለት አይደለም። ሕመም ለድብደባ ፈቃድ አይሰጥም። ለሕይወቷ የምትሰጋ ሴት ልጆቿን ይዛ ከአደጋው መራቅና እርዳታ መጠየቅ መብቷ ነው።

ያገገመችው ሴት ልጅዎ ወዳጅ ይዛ ስትመጣም ሰውየውን በጥሞና ይመልከቱት። ሁልጊዜ ጨለማን ተገን አድርጎ የሚመጣ፣ ገንዘቧን የሚጠይቅ፣ ቤተሰቧን ለማየት የማይፈልግ፣ በተለይም «ይህን መድኃኒት ተዪው፣ እኔ እበቃሻለሁ» የሚል ከሆነ ያስጠነቅቋት። በቀን የሚመጣ፣ ስለ ሕመሟ ለማወቅ የሚጠይቅ፣ ወደ ቀጠሮዋ አብሯት የሚሄድ ከሆነ ግን፣ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቢኖሩም እንኳ፣ ቡናውን ቀድተው ጥቂት ለብቻቸው የሚጫወቱበትን ጊዜ ይስጧቸው።

«ይህ ሁሉ በእውነት ይሆናል ወይ?» ለሚሉ ሁለት ሰዎችን እንጥቀስ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ናሽ ባገባ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ በስኪዞፍሬንያ ታመመ። በ1963 ከባለቤቱ ከአሊሺያ ጋር ተፋቱ። እሷ ግን በ1970 ወደ ቤቷ አስጠግታ አኖረችው። ቀስ በቀስ አገግሞ በ1994 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ተቀበለ፤ በ2001ም እንደ ገና ተጋቡ። እስከ ሞቱበት እስከ 2015 ድረስም አብረው ኖሩ። ሁለተኛዋ በዚያው አገር የሕግ ፕሮፌሰር የሆነችው ኤሊን ሳክስ ናት። ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ እንዳለባት ባወቁ ጊዜ ራሷን ችላ የመኖር ተስፋዋ አነስተኛ እንደሆነ ገምተው ነበር። እሷ ግን ተምራ፣ አስተምራ፣ ትዳር ይዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የሕይወቷን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣች። ለዚህ ያበቃት ምን እንደ ሆነ ስትናገርም ጥሩ ሕክምና፣ የቅርብ ቤተሰብና ወዳጆች፣ እንዲሁም የሚረዳት የሥራ ቦታ መሆናቸውን ትገልጻለች። ሰው ሁሉ እንደ እነዚህ ሊቅ ይሆናል ማለታችን አይደለም። ሦስቱ ነገሮች ግን ሊቅነትን አይጠይቁም።

ያገገመ ሰው ሁሉ ያገባል ማለትም አይደለም። የሚስማማውን ሰው ሳያገኝ የሚቀር አለ፤ ለብቻው መኖርን የሚመርጥም አለ። ከጤነኛውም ሰው መካከል እንዲሁ ነው። ዋናው ነገር ምርጫው የራሱ መሆኑ ነው፤ ሌላው ሰው አስቀድሞ ሊቆርጥለት አይገባም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያችን፤ ከአእምሮ ሕመም ያገገመ ልጅ፣ እኅት ወይም ወንድም በቤትዎ ካለ ሁለት ነገር ያድርጉ። በመጀመሪያ አንድ ቀን በሰላሙ ሰዓት አጠገቡ ተቀምጠው «ጓደኛ ቢኖርህ ትወዳለህ?» ብለው ይጠይቁትና ሳያቋርጡ ያዳምጡት። ቀጥሎም ለሚመጣው ቀጠሮ ስለ መድኃኒቱና ስለ ትዳር የሚያሳስበውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ እንዲይዝ ያድርጉ። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ እርስዎ ውጭ ይቆዩና፣ ወረቀቱን ይዞ ለብቻው ይግባ።